ትን የማያስብለው ኩባያ

ፕላስቲክ ፋብሪካ በተቀጠረች ሰሞን የተሰጣት ሥራ የጆግ አፍ ነበር። አብረዋት የገቡት መሐንዲሶች ትልልቁን ማሽን ሲረከቡ፣ ለእሷ አንድ አረንጓዴ ጆግ አምጥተው «ይቺን አስተካክይ» አሏት። ሲቀዱበት ውሃው በጎኑ እየተንጠባጠበ ደንበኛውን ሁሉ አስመርሮ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፋል። እሷ ግን እልኸኛ ናት፤ ጆጉን መታጠቢያ ገንዳ ላይ ይዛ ስትቀዳ፣ ስትደፋ፣ መልሳ ስትቀዳ ሰነበተች። የአፉን ጠርዝ ጥቂት ወደ ታች ብትቆለምመው ውሃው መንጠባጠቡን ተወ። ከዚያ ወዲህ ውሃ ከዕቃ ወደ ሰው እንዴት እንደሚሄድ ከማሰብ ሌላ ሥራ አልሠራችም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ከፋብሪካው ያስወጣቻት አንዲት ነርስ ናት። ነርሷ ለሆስፒታሏ የሚሆን ኩባያ ፍለጋ መጥታ፣ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ውሃ ሲጠጡ ትን እንደሚላቸው፣ ያ ውሃ ሳንባ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሊገድላቸው እንደሚችል አስረዳቻት። ሰው በውሃ ጥም እንደሚሞት ታውቃለች፤ ጉርሻ በምታህል ውሃ እንደሚሞት ግን ሰምታ አታውቅም ነበር። ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሥራዋን ለቅቃ ወደ ሆስፒታሉ ገባች። ጓደኞቿ «ለየላት» አሉ፤ ደመወዟን ለሰማ ሰው አባባላቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም። ድሮ አንሶላ ይቀመጥባት የነበረች፣ መስኮቷ አልዘጋ የሚል ክፍል ሰጧት፤ እዚያው ጠረጴዛዋን ዘረጋች።

ኩባያው ብዙ ዓመት ፈጀባት። የመጀመሪያው አፈሰሰ። ሁለተኛው ስስታም ሆኖ በሽተኛው ጉንጩ እስኪጎደጉድ ቢስብ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። በስተመጨረሻ፣ ሁለት እጀታና ክዳን ያለው፣ ከክዳኑ ሥር ትንሽ ጎማ የተቀመጠችበት ኩባያ ወጣላት። ሰውየው ኩባያውን እንደፈለገ ቢገለብጠው ጎማዋ ከአንድ ፉት በላይ አታሳልፍም፤ ያ እስኪዋጥ ሌላው ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ ታካሚዎች ኩባያውን «ጡጦ»፣ እሷን ደግሞ «ባለጡጦዋ» አሏት። በስሙ ትስቅ ነበር እንጂ አልተቀየመችም።

የምትቀየመው የታካሚዎቹን ቤተሰቦች ነው። አንዳንዱ ኩባያ ጎማዋ በቢላ ተፈልቅቃ ወጥታ ይመለሳል። ማን አወጣት ሲባል ሚስት ታቀረቅራለች፣ ልጅ ጣራ ጣራ ያያል። «ምን ላድርግ፣ እንደ ሰው ልጠጣ ብሎ ለመነኝ» ይሏታል። ልመና ሳንባ አያድንም ብላ ትቆጣቸዋለች። ቁጣው አልበቃ ሲላት፣ ጎማዋን ከክዳኑ ጋር በሙቀት አጣበቀቻት፤ ካልተሰበረ በቀር አትወጣም። ያቺው ነርስ «አንዳንዱን ሰው ግን ምናለ ብንጠይቀው» ብላ ጀምራ ነበር፤ እሷ አላስጨረሰቻትም።

ፍርድ ላለማጓደል ይህም ይነገር። ከዚያ በኋላ በዚያ ሆስፒታል በትንታ ሳንባው የሚታመም ሰው በጣም ቀነሰ። ከሌሎች ሆስፒታሎች እየመጡ ኩባያውን ያዩ ነበር። ዛሬ በእግሩ የሚሄድ ስንት ሰው አለ፣ እሷ ባትኖር አፈር የሚበላው። እልኋ ለብዙ ሰው ነፍስ ሆኗል።

አባቷ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ከመንገድ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ ነው፤ ሚስቱ በብርጭቆ ታቀርብለታለች፣ ቆሞ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል፣ ከዚያ ነው ልጆቹን የሚስመው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ይህ ልማዱ አልተወውም፤ ከጓሮ እስከ ሳሎን ተጉዞ እንኳ ውሃ ይጠይቅ ነበር። ስትሮክ ሲመታው ቀኝ ጎኑ ዛለ፤ አንደበቱም ተሳሰረ። አእምሮው ግን ያው እንደ ጥንቱ ነበር።

ልጁ ኩባያውን ይዛለት ስትመጣ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ኢንጂነር» አለ ቀስ እያለ፤ «መሪ ይዤ የኖርኩትን ሰውዬ ጡጦ አስያዝሽኝ?»

ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ቆይተው አባቷ ብርጭቆ ስጪኝ አላት። እሷም ለሌሎቹ ሁሉ እንደምታደርገው ምክንያቱን በትዕግሥት አስረዳችው። አዳመጣት። በማግስቱ መልሶ ብርጭቆ ጠየቀ።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ የወላጆቿን ደረጃ ስትወጣ ያንን ሳል ሰማች። ስንት ዓመት የሰማችው፣ ከመቶ ሳል መካከል የምትለየው ሳል ነው። ሮጣ ስትገባ እናቷ አባቷን ደግፋ ጀርባውን ታሻለች፤ ኮመዲናው ላይ የተጋመሰ ብርጭቆ አለ። አባቷ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ፊቱ ግን ደስ ብሎታል። እሷ ደስታውን አላየችም።

«ውሃ እኮ ነው የለመነኝ» አለች እናቷ፤ «ሃምሳ ዓመት ያቀበልኩትን ውሃ ዛሬ እንዴት ልከልክለው?»

«እማዬ፣ አንድ ቀን በዚህ ብርጭቆ ትገድይዋለሽ።»

ይህች ቃል በቃች። እናቷ ብርጭቆዎቹን በሙሉ ሰብስባ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው፤ ባሏ ሲለምናት «ልጃችን የምታውቀው ይሻላል» እያለች ከክፍሉ ትወጣ ጀመር። የተማረች ልጅ ያላት እናት ሌላ ምን ታደርጋለች?

አባቷ ከዚህ በኋላ የመጨረሻ ሙከራውን ልጁ ላይ አደረገ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጣትና፣ በተሳሰረ አንደበቱ ቃል በቃል እየጎተተ ተናገረ።

«ስሚኝ። ሞቱ እንደሆነ አይቀርልኝም። ከእናትሽ እጅ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቼ ትን ካለኝ ይበለኝ። እኔ ነኝ የፈቀድኩት።»

«እኔ እያለሁ አይሆንም አባዬ።»

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ በኋላ አልተጣላትም፣ አልለመናትምም። ኩባያውን ሲያቀርቡለት አንድ ሁለት ፉት ይልና በደህናው እጁ ይገፋዋል። ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። ግሉኮስ ተሰቀለለት፤ ያም ቢሆን ሰውነቱ እያነሰ ሄደ። ያየው ሐኪም ልጂቱን ለብቻዋ ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ ከእንግዲህ ብዙ እንደማይቆይ፣ የወደደውን ቢያደርጉለት እንደሚሻል ነገራት። የወደደው ምን እንደሆነ ሐኪሙ አያውቅም። እሷ ታውቃለች።

አውቃም አልቸኮለችም። ሥራ ሄደች፣ ተመለሰች፣ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ፈርታ ነበር። በእጇ በሰጠችው ውሃ ሲያስል፣ ሲጠቁር፣ ሲያበቃለት ይታያታል፤ በዚህ ፍርሃት ላይ ስንት ዓመት ሥራዋን ገንብታለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ሞኝ አይደለችም፣ ግን አለቀቀችም።

በስተመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከእናቷ ተቀብላ ብርጭቆ አወጣች። አጠበችው፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላችው። እናቷ ከትራሱ ቀና አድርጋ ደገፈችው። ልጁ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ አስጠግታ «አባዬ፣ ውሃ ነው፣ በብርጭቆ ነው» አለችው። ዓይኑን ከፈተ። ብርጭቆውን አየው፤ አውቆት ይሁን ሳያውቀው መናገር ያስቸግራል። ውሃው አፉ ገባና እንደገባ በከንፈሩ ዳር ወጥቶ ትራሱ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ሞከረች። እንደገና ፈሰሰ። ማሳሉን እንኳ ጉሮሮው ትቶታል። በማግስቱ ጠዋት አረፈ።

ለቀስተኛ ሲመጣ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይቀበላሉ። እናቷ ለሚመጣው ሁሉ አንድ ነገር ትናገራለች፤ ባሏ የልጁ ኩባያ ባይኖር ኖሮ ታንቆ ይሞት እንደነበር፣ በኩባያው ምክንያት ግን ትን ሳይለው እንደተኛ እንደሄደ። ይህን ስትል ፊቷ ያርፋል። ሰዉም ወደ ልጂቱ ዞሮ ይመርቃታል። እሷ ጎንበስ ብላ ምርቃቱን ትቀበላለች፤ እያንዳንዱ ምርቃት አንጀቷን ይቆርጠዋል።

ከምድር ቤት ያሉት ጎረቤት ቆይተው መጡ። የእሳቸውም ባለቤት ስትሮክ መቶት አልጋ ላይ ነው። የኩባያውን ወሬ ሰምተው ለእሱም አንድ እንዲገኝላቸው ለመኑ።

«ምን ችግር አለ፣ ነገ ታመጣልሻለች» አለች እናቷ። «አይደል ልጄ?»

እሺ ብትል አለቀ። እናቷም በመጽናኛዋ ትጽናና ነበር። ልጂቱ የእናቷን ፊት አየች፣ ከዚያ የጎረቤታቸውን።

«አመጣለሁ» አለች። «ግን እትዬ፣ ብርጭቆ ከለመኑዎት ብርጭቆውን ይስጧቸው። አደጋውን ይንገሯቸውና እሳቸው ይወስኑ። ቀና አድርገው፣ በእጅዎ፣ ቀስ እያሉ ያጠጧቸው። ያስላቸዋል። ሊገድላቸውም ይችላል። ቢሆንም እኔን አይጠይቁኝ፤ እሳቸውን ይጠይቁ።»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው ወደ እናቷ ዞሩ። እናቷ ግን የምታየው ልጇን ብቻ ነበር።

«እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር?» አለቻት።

«ይቻል ነበር እማዬ።»

ከእሳቸው በኋላም ለቀስተኛ እስኪመሽ ድረስ መጣ። እናቷ ስለ ኩባያው ለማንም አላወራችም።