ጀልባዋን ኮንትራት የያዝን ቀን

አባዬ ከሀይሌ ጋርመንት ሜክሲኮ ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ መንዳት ያቆመው ዓይኑ ሲደክምበት ነው። ዓይኑ ይድከም እንጂ ባዶ ወንበር ለማየት ዛሬም የሚቀድመው የለም። ረዳቶቹን ስለማያምን መሪውን እንደያዘ ራሱ ይጣራ ነበር፤ ለቤተሰብ ጉዞ እንኳ ሰው ሳይጭን ተንቀሳቅሶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ከጎፋ ለቡ ዘመድ ሰርግ ስንሄድ መንገድ ላይ ሦስት ሰው ጫነ። አንደኛው አብሮን ገብቶ በላ፤ የሙሽራው ቤተሰቦች እስከ ዛሬ አጎታችን ይመስላቸዋል።

እማዬ በዚህ ትስቅ ነበር፣ እያደር ግን ሳቋ እያጠረ መጣ። ጋብቻቸው ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሞላው እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ምን እናድርግልሽ ብለን ጠየቅናት። ልብስም ወርቅም አላለችም።

"አንድ ቀን፣ ሰው ሳይቀላቀልብን፣ ከአባታችሁ ጋር ቁጭ ብዬ ባወራ ይበቃኛል" አለች።

ውሃ ላይ መንገደኛ አይሳፈርም ብዬ የጀልባውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ብልጠቴ እስከዚህ ነው።

በጀልባ ጉማሬ ልናይ ሐዋሳ ወረድን። ባለጀልባው "በሰው ነው በኮንትራት?" ሲል ጠየቀ። አባዬ ደረቱን ነፍቶ "በኮንትራት!" አለው። አሥራ አራት ሰው የምትይዝ ጀልባ ለአምስታችን ብቻ ሆነች። እማዬ መሃል ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በቦርሳዋ ያዘችለት።

እሱ ግን አልተቀመጠም። ጠርዙ ላይ ቆሞ ባዶዎቹን ወንበሮች ያያል፤ ከዚያ ዳር ላይ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ያያል።

"አባዬ፣ ኮንትራት ነው እኮ" አልኩት።

"አውቃለሁ ልጄ፣ አውቃለሁ።"

ማወቁንስ ያውቃል። እጁ ግን ሳያስበው ተነሳ። "ጉማሬ፣ ጉማሬ! ሁለት ሰው የቀረው ጉማሬ!"

የቀረው ዘጠኝ ነበር፤ ሁለት ማለት የሙያው ወግ ነው። ከማንም ሳንቲም አልተቀበለም፤ የሱ ችግር ክፍት ቦታ እንጂ ገንዘብ አይደለም። ሰው ግልብጥ ብሎ ገባ። በመጨረሻ አንድ ወፍራም ሰውዬ መቀመጫ አጥቶ ቆመ። አባዬ ፊቱን ወደ ዳር እንዳዞረ ጮክ ብሎ፣

"ማዘር፣ ቦርሳዎን ያንሱና ትንሽ ጠጋ ይበሉ!" አለ።

እማዬን ነው። የሠላሳ አምስት ዓመት ሚስቱን አንቱ አላት።

ወንድሞቼ ሊስቁ ጀምረው ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ቦርሳዋን አነሳች። ከዚያ ጥርት ባለ ድምፅ ተጣራች።

"ወራጅ አለ!"

ልማድ ክፉ ነው፤ አባዬ ዞር እንኳ ሳይል "ወራጅ አለ፣ ቁም!" ብሎ ለባለጀልባው አስተላለፈ። ወራጇን ሊደግፍ እጁን ሲዘረጋ ነው የማንን እጅ እንደያዘ ያየው። እማዬ ወርዳ ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። እሱ አንዴ እሷን፣ አንዴ ጢም ብላ የሞላችውን ጀልባ አየ። የሞላ ነገር ጥሎ ወርዶ አያውቅም፤ ያን ቀን ወረደ።

እኛም ልንከተል ስንነሳ ጀልባዋ ተንቀሳቀሰች። ባለጀልባው የሞላ ጀልባ ምን ይጠብቃል ብሎ መሰለኝ። ወፍራሙ ሰውዬ በእማዬም በአባዬም ቦታ ላይ ተደላደለ። እኔ ተናድጄ ማልቀስ ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ሰው ሁሉ "ያውላችሁ ጉማሬው!" ሲል ወደ ዳሩ ነበር የማየው። እማዬ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች፤ አባዬ ፊቷ ወደዞረበት አቅጣጫ ይዞራል፤ እሷ መልሳ ታዞራለች። ከዚያ ራቅንና አልታየኝም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንመለስ እየሮጥኩ ወረድኩ፤ መንገድ ላይ የይቅርታ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። ሁለቱም ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እማዬ እጇን እያወናጨፈች ታወራለች፣ አባዬ አፉን ከፍቶ ይሰማታል፤ አጠገባቸው ሰው የሚባል የለም።

"እማዬ፣ በጣም ይቅርታ..." ብዬ ስጀምር ወሬዋን ያቋረጥኩባት ጎረቤት ይመስል ቀና ብላ አየችኝ።

"መጣችሁ እንዴ?" አለች። "ምን አስቸኮላችሁ? በሉ፣ አንድ ዙር ድገሙ።"