ሁለት ሰዓሊ ለአንድ ግድግዳ፣ ወደ ኤርታሌ

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ ልደታ

ሸራዬን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ የቀለም ሳጥኔን ትከሻዬ ላይ አንግቼ ወጣሁ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ገና ባለጉዳይ የለም። በልደታ የነቃነው እኔ፣ አንድ ውሻና ቅናቴ ብቻ ነን።

ስለ ቅናቴ ልንገራችሁ። ከጌጃ ሰፈሯ የሥራ ክፍሌ ንቅንቅ ሳልል ኤርታሌን ሃያ ዓመት ስዬዋለሁ፤ ከግድግዳ ካላንደር እያየሁ። የኔ እሳተ ገሞራ ያልተሰቀለበት ጥብስ ቤት በአገሩ የለም። መላኩ ግን፣ አብሮኝ ሥዕል የተማረው መላኩ፣ አምና አንድ ጊዜ ሄዶ አይቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሳተ ገሞራ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ "መላኩን ጠይቁት" ይላል። እሳቱን እሱ የለኮሰው ይመስል።

አሁን ደግሞ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሥዕል ማሳያ ያላት እታገኝ ኤግዚቢሽን ልትከፍት ነው። ከበሩ እንደገባችሁ ፊት ለፊት የሚቀበላችሁ አንድ ትልቅ ግድግዳ አላት። "ሁለታችሁም ሂዱና እሳቱን እያያችሁ ሥሩ። የበለጠው እዚያ ይሰቀላል" አለችን። ሃምሳ ሁለት ዓመት የኖርኩት ለዚያ ግድግዳ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሹፌራችን ሸምሱ ላንድክሩዘሩን አስነስቶ ይጠብቃል። መላኩ ቀድሞኝ ደርሶ ከፊት ተቀምጧል። ያውም ከፊት።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ዕቃ ምንድን ነው? ጋሽ መላኩ እኮ የያዙት ወረቀትና ከሰል ብቻ ነው" አለ ሸምሱ።

"ከሰሉን ተወው፣ በቆሎ ሊጠብስ ነው" አልኩት።

ሸምሱ ሳቀ። መላኩም ሳቀ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ስሰድበው ይስቃል። ቅናት ክብደት ቢኖረው መኪናዋ ቃሊቲን አታልፍም ነበር።

ሐሙስ፣ ረፋድ፣ መተሐራ

የሸንኮራ አገዳ ማሳ፣ የበሰቃ ሐይቅ፣ በጆንያ የተደረደረ ሽንኩርት፣ መንገዱን እንደ ግል ግቢው የሚያቋርጥ ግመል። ከፈንታሌ ተራራ ሥር ድሮ ፈስሶ የደረቀ ጥቁር ድንጋይ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተንጋግቷል።

"ሸምሱዬ፣ አንዴ አቁምልኝ" አለ መላኩ። ወርዶ ከሰሉን አወጣና ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ተራራውን ወረቀት ላይ አስቀመጠው። እንዳልበለጥ እኔም ወረድኩ። ይዤ የተመለስኩት ሱሪዬ ላይ የተሰካ እሾህ ነው።

ማታ ሰመራ አደርን። ሙቀቱ የቀለም ቱቦዎቼን አፍልቶ በሽሮ ፈንታ ሊያቀርባቸው ምንም አልቀረው።

ዓርብ፣ ምሽት 1 ሰዓት፣ ኤርታሌ

የአፋሩ መሪያችን ሁመድ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፤ ከእግራችን ሥር እንደ ደረቅ ዳቦ የሚሰበር ድንጋይ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ያየ ሰው የለም፤ ሚስቴም አታምንም። ከታች ምድር ተከፍታ ትንተከተካለች። ሰማዩ ቀይ፣ ጭሱ ቀይ፣ የመላኩ ራሰ በራ ቀይ። በካላንደሩ ላይ ይሄ ሁሉ ድምፅ አልነበረም።

ሁመድ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ሰጠን። መላኩ አሰረ። ዘወር ብሎ ከሰሉን ይጭራል፤ በየቦታው "ብርቱካን"፣ "ደም"፣ "አመድ" እያለ የቀለም ስም ይጽፋል። ቤቱ ገብቶ በቀለም ሊሠራው ነው።

"ደብዳቤ ነው እንዴ የምትጽፈው?" አልኩት።

"ለማስታወስ ነው። አንተም መብራቱን እሰር እንጂ፣ ቀለሙ ይምታታብሃል።"

"የእሳት ብርሃን ይበቃኛል" አልኩ። መላኩ የመከረኝን ላለማድረግ ገደል መግባትም እችላለሁ።

የቱቦዎቼ ጽሑፍ ከጠፋ ዓመታት አልፎታል፤ የምለያቸው አፋቸው ላይ በደረቀው ቀለም ነው። ቀዩን መረጥኩ። ጨመቅኩት። ሸራው ነደደ። ሌላ ጨመርኩ፤ ባሰበት። ጭሱ ጉሮሮዬን እያነቀኝ አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ልጅ ሠራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። "ግድግዳው የኔ ነው" አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ካምፑ

ከድንጋይ ጎጆው ወጥቼ ሸራዬን አየሁ። ወተት ነው። ከጥቁር ድንጋይ አፍ የሚፈላ ነጭ ወተት፣ ነጭ ጭስ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ትንሽ ግራጫ። ለካ በቀይ ብርሃን ውስጥ ነጩም ቀዩም አንድ ነው። የሥዕል ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚማረውን እኔ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ ረስቼው አደርኩ።

መላኩ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ሳቁን ጠበቅኩ። አልሳቀም።

"ስማኝ ወንድሜ" አለ፣ "ይሄን እንዳትነካው።"

"ለምን?"

"እንዳትነካው ብቻ።"

ገባኝ። ይሄን የወተት ድስት ይዤ እታገኝ ፊት እንድዋረድ ይፈልጋል።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት፣ ሰመራ

ስልክ መሥራት እንደጀመረ መላኩ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ደወለ። በመስኮት እሰማለሁ። "እታገኝ፣ ነጭ ነው እልሻለሁ። አዎ፣ ሙሉ በሙሉ ነጭ" ይላል፤ ይስቃል። ደሜ ፈላ። በሩን ቆለፍኩና ቀዩን ቱቦ በፀሐይ ብርሃን አጣርቼ፣ በቢላዋ ሸራው ላይ ለሰንኩት። ብርቱካኑንም ቢጫውንም ደረብኩ። ሲያልቅ ቁርጥ ካላንደሩን መሰለ። ረካሁ። ሸራውን ፊቱን ወደ መኪናው ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩ፤ መላኩም አልጠየቀኝ።

እሑድ፣ አመሻሽ፣ ተክለ ሃይማኖት

እታገኝ ግድግዳውን አስቀብታ፣ ሚስማሩን አስመትታ ትጠብቀናለች።

"ጋሽ መላኩ ሥዕላቸውን ሳላይ ግድግዳውን ለርስዎ ለቀዋል" አለችኝ። "'እንዲህ ያለ እሳት ማንም አልሣለም፣ እኔን ተይኝና የሱን ስቀይ' ብለውኛል። እስቲ ነጩን ያሳዩኝ።"

ወደ መላኩ ዞርኩ። እንደ ሕፃን ጓጉቶ ቆሟል።

ሸራውን ገለበጥኩ። ሸምሱ ከበሩ ላይ "ያምራል፣ ልክ እንደ ጥብስ ቤቱ" አለ።

"ነጩስ?" አለች እታገኝ።

"ከሥር ነው።"

በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ገና አልደረቀም ነበርና ከሥር ሮዝ ወጣ።

"እንዳትነካው ብዬህ ነበር" አለ መላኩ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከወረቀቶቹ መሐል አንዱን መዝዞ ለእታገኝ ሰጣት። የጎበጠ ጀርባ ይታያል፤ የኔ ነው። ከፊቴ እሳቱ፣ በእሳቱና በኔ መሐል ደግሞ ሸራዬ። ለካ ያን ምሽት በግንባሩ መብራት ሸራዬን አይቶታል፤ አውቄ ያደረግኩት መስሎታል። እሳቱ ላይ "ብርቱካን"፣ ድንጋዩ ላይ "አመድ" ብሎ ጽፏል። ሸራዬን ምንም ሳይጭርበት ባዶ ትቶ፣ መሐሉ ላይ በትንሹ "ነጭ" ብሏል።

የተሰቀለው ያ ወረቀት ነው። ሂዱና እዩት። ከመላኩ ሥራዎች ሁሉ አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይሄኛው ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እዚያች ባዶ ቦታ ላይ የነበረው ነጭ እሳት ከሱ ይበልጥ ነበር።