ለእሜቴ የተተከለ ድንኳን

መካኒሳ ውስጥ ጥቁር ለብሶ መዝፈን ቀላል ነገር አይደለም። ጥቁር የሐዘን ነው። ምንም ያልሆነ ሰው ጥቁር ለብሶ፣ ዓይኑን በኩል አጨልሞ፣ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ ከቤቱ ቢወጣ ግማሹ ሰፈር ጸሎት ቤት፣ ግማሹ ደግሞ ጸበል ሊወስደው ይሻማበታል። ዶርቃ ወጋየሁ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። እያወቀች ነው የምትለብሰው።

ዶርቃ ጀሞ አካባቢ ካለ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። የመድረክ ቀሚሷንም ራሷ ናት ከኮት ገበር ቁርጥራጭ ገጣጥማ የሰፋችው፤ ጫፉ መሬት ይጠርጋል፣ እጅጌው ሲዘረጋ ሰው ያስጠልላል። ሙዚቃዋን ጓደኞቿ “ጎቲክ” ይሉታል፤ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ “የቀብር ሙዚቃ”። እሷ በሁለቱም አትቀየምም። እንዲያውም የልጆቹ አጠራር ይበልጥ ይጥማታል።

ከሦስት ዓመት በፊት የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መሪ ድምፅ ነበረች። መጀመሪያ እንቅልፍ ራቃት። ቀጥሎ ማንም ያልተናገረውን መስማት ጀመረች። በመጨረሻ ከአልጋዋ መነሣት አቃታትና የአእምሮ ሆስፒታል ገብታ ወራት ቆየች። እናቷ ወይዘሮ አስቴር ለጠየቃቸው ሁሉ “ሆሳዕና አጎቷ ጋ ናት፣ አየሩ ተስማምቷታል” አሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የወይዘሮ አስቴር ውሸት ግን እያደር ከበደ። ልጅቱ ድና ከተመለሰች በኋላ እንኳ ስለ ሆሳዕና እንሰት ጥያቄ ሲመጣ የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ።

ዶርቃ ደግሞ የምትደብቀው የላትም። በሽታዋን “እሜቴ” ብላ ሰየመቻት፤ ሳትጠራ የምትመጣ፣ ካልተስተናገድኩ የምትል የድሮ ወይዘሮ። መድረክ ላይ አንዴ ራሷን፣ አንዴ እሜቴን ሆና ትጫወታለች፦

እሜቴ ስትመጣ ጫማ አታወልቅም፣
በቃሽ ተነሽ ቢሏት ካልጋ ላይ አትወርድም።

“በሽታው ነው ተሰጥኦ የሰጣት” የሚል ሰው ሲያጋጥማት ደሟ ይፈላል። “ስታመም እንኳን ዜማ ልፈጥር ፊቴንም አልታጠብኩም። የሠራሁት ስድን ነው። መድኃኒቴን እየዋጥኩ!” ትላለች።

ቅዳሜ ምሽት እዚያው መካኒሳ፣ በወጣቶች ማዕከል አዳራሽ ልትዘፍን ነው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ እናቷ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ ልጃቸው ታማ እንደነበር ሰው ፊት እንዲያምኑላት። ወይዘሮ አስቴር ግን ወይ ፍንክች።

“መዝፈኑን ለጌታ ትቼዋለሁ” አሉ ዓርብ ዕለት። “በሽታውን ግን ለሰፈር አትንገሪብኝ። ማን ያገባሻል ነገ?”

“እማዬ፣ ሳልናገርስ ማን አገባኝ?”

“ቀልጂ አንቺ! የሰው አፍ አታውቂም።”

ዶርቃ ሳቀች እንጂ ከፍቷት ነበር። መዝፈኑንስ ትዘፍናለች። ነገር ግን እናቷ “ሆሳዕና” እያሉ እሷ “ሆስፒታል” ብትል፣ ከሁለት አንዳቸው ውሸታም ሆነው ሊያድሩ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወይዘሮ አስቴር ለሴቶች ጸሎት ወጡ። አባቷ አቶ ወጋየሁ እንደ ወትሯቸው ከባድ መኪናቸውን ይዘው ጅቡቲ መንገድ ላይ ናቸው። ዶርቃና ኪቦርድ የሚጫወትላት የአክስቷ ልጅ ኤልዳድ ግቢ ውስጥ የመጨረሻውን ልምምድ ጀመሩ። እሜቴ ጥላት ስትሄድ የምትዘፍነው ዘፈን ነበር፤ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ኩሉ በላብ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ ደረቷን እየደቃች “ሄደችብኝ፣ ጥላኝ ሄደች!” ትላለች።

ይህን የጎረቤቷ የእማማ አማከለች ዓይን በአጥር ቀዳዳ አየ። ጆሯቸው ግን “ሄደብኝ፣ ጥሎኝ ሄደ” ብሎ ሰማ።

በእኛ ደንብ ሐዘንተኛ በር ላይ ቆሞ “ማን ሞተ?” አይባልም፤ ነውር ነው። እማማ አማከለችም አልጠየቁም፤ በልባቸው አሰቡ። እናትየው ጠዋት በእግራቸው ሲያልፉ ታይተዋል። ልጅቱ ይቺውና ታለቅሳለች። እንግዲህ የቀሩት አቶ ወጋየሁ ናቸው። “ወይ መንገድ! ወይ መኪና!” እያሉ እድሩ ዳኛ ዘንድ ሮጡ።

ዳኛው አቶ በፍቃዱ ሥራ የማይወዱ ሰው አይደሉም። ጥሩንባ ተነፋ፤ ወጣቶች ድንኳኑን ተሸክመው መጡና ደጁ ላይ ተከሉት። አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። ዶርቃና ኤልዳድ በዚህ ሰዓት ክፍሏ ውስጥ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው የቀዱትን ልምምድ እየሰሙ ነበር። “አትረብሿት፣ እንባዋ ይውጣላት” ተባለ ውጭ። ድንኳኑ ሞላ።

ወይዘሮ አስቴር ከጸሎት ሲመለሱ ከቅያሱ መታጠፊያ ላይ ድንኳኑን አዩ። ሰው ሁሉ አያቸውና ጸጥ አለ። የባላቸውን መርዶ ገና አልሰሙም ብሎ ነው ጸጥ ያለው፤ መርዶ በድንገት አይነገርማ። አንገቱን ደፋ።

ወይዘሮ አስቴር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ድንኳን ብቻ ነው ሲፈሩ የኖሩት። መጽሐፍ ቅዱሳቸው ከእጃቸው ወደቀ።

“ዶርቃዬ!” ብለው ጮኹ። “ልጄ! ራሷን አጠፋች? ድናለች ብለውኝ አልነበር ሐኪሞቹ? ደብቄ ገደልኳት! እኔ ነኝ የገደልኳት!”

ጩኸቱ ማዳመጫውን አልፎ ዶርቃ ጆሮ ደረሰ። እንደዚያው ጥቁሯን እንደለበሰች፣ ኩሏ እንደወረደ በሩን በርግዳ ወጣች። እማማ አማከለች አማተቡ። እናት ልጃቸው ላይ ተጠመጠሙባት፤ ፊቷን፣ ትከሻዋን፣ እጇን ዳበሱ፤ ነጩ ቀሚሳቸው በኩሏ ጠቆረ።

“አለሁ እማዬ፣ አለሁ። ማን ሞቶ ነው?” አለች ዶርቃ ግራ ገብቷት።

አቶ በፍቃዱ ጥርጣሬ ገብቷቸው ወደ አቶ ወጋየሁ ስልክ ደወሉ። ሟቹ አነሡት። አዋሽ ምሳ እየበሉ ነበር።

ሳቁ ከለቅሶ ያልተለየ ሳቅ ነበር። ሳቁ ሲበርድ ግን ወይዘሮ አስቴር የጮኹት ነገር ድንኳኑ ውስጥ ቀረ። ሁሉም ሰምቷል፤ ሁሉም ያልሰማ መስሏል። እማማ አማከለች፣ ጥፋታቸውን ሊክሱ ብለው፣ መውጫ በር ከፈቱላቸው።

“ደንግጠሽ ነው አስቱ። ሰው ሲደነግጥ ይቀባጥራል። ማንም ልብ አላለውም።”

ዶርቃ እናቷን አየች። “አዎ” ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። እሷ ልትለምናቸው አልፈለገችም፤ እጃቸውን ያዘች።

“አልቀባጠርኩም” አሉ ወይዘሮ አስቴር። “ልጄ ሆሳዕና አልነበረችም። ሆስፒታል ነበረች፤ የአእምሮ። እኔ ነኝ የዋሸኋችሁ።” ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ሰው ተሰብስቧል፤ በይ አሰሚያቸው።” “ዝፈኚ” ማለት አሁንም ከአፋቸው አልወጣም።

ኤልዳድ ኪቦርዱን አወጣ። ዶርቃ የለቅሶ ድንኳን መሐል ቆማ ጀመረች፤ እንዲህ ሰው ሞልቶላት ዘፍና አታውቅም። እሜቴ ስትገባ ሴቶቹ ሸሸት አሉ። እሜቴ ተቆጥታ ስታዝዝ የእድሩ ዳኛ ሳቃቸው አመለጣቸው። አንዲት እናት ከዳር ሆነው አምርረው ያለቅሱ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልተጠየቁም። ዘፈኑ አልቆ ጭብጨባው ሲጀምር ወይዘሮ አስቴር እጃቸውን አነሡ።

“አንዱን ዘለልሽው።”

“የቱን?”

“የኔን። ማታ ማታ ስትለማመጂ ግድግዳው ያሰማኛል እኮ።”

ዶርቃ ደነገጠች። ያን እናቷ አዳራሹ ካልመጡ ብቻ ልትዘፍነው ነበር ያሰበችው። ኤልዳድ ሳይታዘዝ ጀመረላት፤ እሷም ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል ዘፈነችው፦

እናቴ ደበቀች ሰው እንዳይስቅብኝ፣
የት ናት ብለው ሲሏት አገር ጠራችልኝ፤
ውሸቷን ለብሼ ክረምቱን ወጣሁት፣
አሁን በጋ ገባ፣ አውልቄ ሰጠኋት።

ሰው ሁሉ ወደ ወይዘሮ አስቴር ዞረ። እሳቸውም ፊታቸውን አልሸፈኑም።