ማራገቢያ የሌለው ንፋስ

ሉብና ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። ያደገችው ከአባቷ ከጋሽ ኑርዬ ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። ጋሽ ኑርዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገሩን እህል ሲፈጩ ኖረው በስተርጅና ሳንባቸው ከዳቸው። ደሴ ያየቻቸው ሐኪም የሕመሙ ምክንያት የዱቄቱ ብናኝ መሆኑን ነግራ ሥራውን እንዲተዉ ብትመክራቸው፣ «ወፍጮውን ትቼ ቤት ተጎልቼ ምን ልሠራ?» ብለው ተመለሱ። ሳሉ ሲነሳባቸው ግድግዳ ይዘው ነበር የሚቆሙት።

ሉብና ይህን ቁጭ ብላ ማየት አልሆነላትም። ዩኒቨርሲቲ ሳለች ያየችው አንድ ሙከራ ትዝ አላት። የሾለ ብረት ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲለቀቅ፣ ጫፉ አጠገብ ያለው አየር ኤሌክትሪክ ይሞላና አዮን የሚባሉ፣ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ደቃቅ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። አዮኖቹ ከጫፉ ሸሽተው ወደ ፊት ለፊቱ ብረት ሲሮጡ፣ በመንገዳቸው ያገኙትን አየር እየገፉ ይሄዳሉ። የሚሽከረከር ነገር ሳይኖር ንፋስ ይነፍሳል። በውጭ አገር የኮምፒውተር ዕቃ ለማቀዝቀዝ ሞክረውታል፤ ፕሮፔለር የሌላት ቀላል አውሮፕላንም በዚሁ ንፋስ ተገፍታ አዳራሽ ውስጥ በራለች። የሉብናን ልብ የያዘው ግን ሌላው ጥቅሙ ነበር፤ አዮኖቹ ብናኝ ላይ ይለጠፉና ጎትተው ብረቱ ላይ ያጣብቁታል። አየሩ ይጠራል።

ከተበላሸ አሮጌ ቴሌቪዥን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያወጣውን ክፍል አስፈታች። መርፌዎች ደርድራ ፊት ለፊታቸው የሽቦ ወንፊት አቆመችና አባቷ መኝታ ቤት አስቀመጠችው። ጋሽ ኑርዬ ከወንፊቱ ራቅ አድርገው መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ማነው እፍ የሚለው?» አሉ እየሳቁ።

«አየሩ ራሱ ነው አባዬ። መርፌዎቹን ግን እንዳትነካ፣ ይገድልሃል። ስታበራው ደግሞ መስኮቱን ክፈት፤ የሚሸትህ ኦዞን የሚባል ጋዝ ነው፣ ሲበዛ ደረት ይጎዳል።»

ይህን ሁሉ ነገረቻቸው። ስለ ዱቄት አልነገረቻቸውም። ዕቃው ከመኝታ ቤት ይወጣል ብላ አላሰበችም።

ወንፊቱ ላይ አቧራ ሲጠራቀም ጋሽ ኑርዬ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር። ሳሉ መቀነሱን ሉብና እርግጠኛ አልነበረችም፤ እሳቸው ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው ሆንኩ» ይሉ ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሙላት የሚባል ሠራተኛ ነበራቸው። ከአምባሰል መጥቶ እዚያው ጆንያ ሲሸከም የጎለመሰ ሰው ነው። እሱም መሳል ጀምሯል። አንድ ቀን ሉብና ትምህርት ቤት ሳለች፣ ጋሽ ኑርዬ ዕቃውን ታቅፈው ወፍጮ ቤት ደረሱ።

«ጋሽ ኑርዬ፣ ሉብና ሳታውቅ?» አለ ሙላት።

«እኔ ብቻዬን ልተንፍስ እንዴ? አንተስ ደረት የለህም?»

ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ ዱቄቱን እየበተነ ስላስቸገረ በሩን ዘጉት። ሙላት ጆንያ ሊያመጣ በጓሮ በኩል ወጣ። ጋሽ ኑርዬ ዕቃውን አብርተው፣ ብናኙን ይይዘዋል ብለው ጣሪያው ሥር ባሉት እንጨቶች ላይ ዓመት የከረመውን ዱቄት በመጥረጊያ ማውረድ ጀመሩ። ቤቱ ጉም መሰለ። ዱቄት እንዲህ አየሩን ሲሞላው እንደ ቤንዚን ነው፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ከመርፌዎቹ አንዱ ወደ ወንፊቱ ፍንጣሪ ተፋ።

ሙላት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ነው የተሰማው። ዞር ሲል በሩ ተገንጥሎ ወድቋል። ጋቢውን ራሱ ላይ ጠቅልሎ ገባና ጋሽ ኑርዬን ጎትቶ አወጣቸው። የሁለት እጁ ቆዳ እዚያው ቀረ።

ሉብና ደሴ ሆስፒታል ስትደርስ ከአባቷ ፊት በፋሻ ያልተሸፈነው ዓይናቸው ብቻ ነበር።

«መርፌውን አልነካሁም» አሏት። «እንዳልሽኝ አልነካሁም።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

አንተ ምንም አላጠፋህም ልትላቸው ስትል እንባዋ ቀደማት። እሷ እያለቀሰች እሳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ አልነቁም።

ቀብሩ ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም ወጣ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን «ሸይጧን ያለበት ዕቃ ነው» የሚል ሹክሹክታ ሉብና ጆሮ ደረሰ። እናቷ ወይዘሮ ዋሲላ ለሁሉም «የአላህ ቀደር ነው፤ እሱ የጻፈው አይቀርም» እያሉ ይመልሱ ነበር። ለቀስተኛው ሲሳሳ ሉብና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ዱቄት እንደሚፈነዳ አውቅ ነበር። ሳልነግረው ነው የቀረሁት።»

እናትየው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ይህን ለሌላ ሰው እንዳታወሪ» አሏትና ተነስተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ልጃቸውን ዓይኗን አይተው አላነጋገሯትም። ወፍጮ ቤቱም እንደተቃጠለ ቀረ።

ሉብና የእናቷን ቃል አልጠበቀችም። ከትምህርት ቤት ስትወጣ በከተማው ወፍጮ ቤቶች እየዞረች፣ ዱቄት ሳታከማቹ ጥረጉ፣ ስትጠርጉ በር ክፈቱ፣ የተላጠ ሽቦ አትተዉ ማለት ጀመረች። እንየው የሚባል ባለወፍጮ በሰው ፊት «አባትሽን ያቃጠልሽው አንቺ አይደለሽ? ምን ልታስተምሪን ነው?» አላት። ቆማ ሰማችው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሙላት አብሯት ሄደ። ጆንያ መሸከም ቀርቶበታል፤ ጣቶቹ ተጣብቀው አይዘረጉም። የእንየው በር ላይ ሲደርሱ ሙላት ሁለት እጁን ወደፊት ዘረጋ። እንየው አየና ፊቱን አዞረ። ከዚያ የወፍጮውን ሞተር አጥፍቶ መስኮቱን ሊከፍት ሄደ።