ባትሪው ሞልቷል

በጀልባ መቆሚያው ላይ ስሙን የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «ግማሽ» ነው የሚለው። የቁመቱ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሎጋ ሰው ነው። ሐይቁ የመጠጥ ውሃ ስለሚቀዳበት የነዳጅ ሞተር ክልክል ነው፤ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ የሚወጣው በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ሞተር ነው። ታዲያ ሌላው ዓሣ እስካለ ድረስ ሲገፋ፣ እሱ ባትሪው ግማሽ ደረሰ ብሎ ባሰበባት ደቂቃ፣ መረቡ በዓሣ ቢርመሰመስም ጀልባውን ያዞራል። «ግማሹ የመመለሻ ነው» ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ማብራሪያው ታላቅ ወንድሙ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ባትሪው መሐል ሐይቅ ላይ ሲያልቅበት፣ የከሰዓቱ ነፋስ ከነጀልባው ወስዶ ማዶ ካለው ቋጥኝ ጋር አላተመው። አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ከተሰበረው ጀልባ ባትሪውን ያወጣው ግማሽ ራሱ ነበር፤ ቢለካው ባዶ። ከዚያ ወዲህ ይህ ሰው ውሃ አይፈራም፣ ማዕበልም አይፈራም፤ የሚፈራው ባትሪ ነው።

የሚፈራውን ነገር መንከባከብ ግን ያውቅበታል። ከሞተሩ አምስት ፍጥነቶች ሁለተኛውን አያልፍም፤ አምስተኛው ቶሎ ያደርሳል፣ ባትሪውን ግን ጥርግ አድርጎ ይበላል። የውሃ ሣር ተጠምጥሞ ሞተሩን እንዳያደክመው በየጊዜው እያነሳ ያጸዳል። ከሐይቅ ሲመለስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ባትሪውን ቻርጀር ላይ ይሰካል። ባትሪው ውስጥ የተጣራ ውሃ መጨመር ብቻ የሚስቱ ሥራ ነው። አንዴ አሲድ ዓይኑ አጠገብ ስለፈነጠቀበት የባትሪውን ክዳኖች መክፈት እርም ብሏል። እሷ ግን የተጣራውን ውሃ በስድስቱም ቀዳዳ ቀስ አድርጋ ስትጨምር እጇ አይንቀጠቀጥም።

አንድ ሰሞን አብሮት መረብ የሚስበው ጓደኛው እጁን ተጎድቶ ቀረ። ሚስቱ «እኔ እወጣልሃለሁ፤ መረብ መሳብ ምን ጥበብ አለው?» ብላ ተነሳች። ዋና አትችልም። ግማሽ ብዙ ተከራክሮ ሲያቅተው፣ ያለችውን አንዲት የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሰጣት።

በዋዜማው አመሻሽ ላይ ከጓሮ ሆኖ «ባትሪው ሞላ?» ብሎ ተጣራ።

«ሞልቷል!» አለችው ከውስጥ።

ጠዋት ባትሪውን ከቻርጀሩ ተነቅሎ፣ ተወልውሎ፣ በሩ ሥር ተቀምጦ አገኘው። እንደ ወትሮው በቴስተር ሊለካው ይገባ ነበር። አልለካውም። ሰደርያውን ለብሳ ዞር ዞር እያለች «አማረብኝ?» ስትለው፣ ሳቀና ረሳው።

ሐይቁ ላይ የሚመራው በእጅ ሰዓቱ ነው። ሙሉ ባትሪ በሁለተኛ ፍጥነት ስድስት ሰዓት ስለሚሠራለት፣ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ይዞራል። ያን ቀን ግን ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሆነው የሞተሩ ድምፅ ወረደ።

«ምን ሆነ?» አለችው።

«ሣር ይሆናል።» ሞተሩን አነሳው፤ ሣር የለም። የባትሪውን ማሰሪያዎች ነካካ፤ አልላሉም። ያኔ ወደ እሷ ዞረ። «ትናንት ባትሪው ሞልቷል አላልሽኝም?»

«ሞልቷል እኮ! እኔው ነኝ የሞላሁት፤ ስድስቱንም ቀዳዳ እስከ ምልክቱ።»

«ውሃውን?»

«ታዲያ ምኑን? ከቻርጀሩ ነቀልኩና ውሃ ሞላሁት። መልሶ መሰካቱ ያንተ ሥራ አይደል?»

እሱ የጠየቀው ኤሌክትሪኩን፣ እሷ የመለሰችው ውሃውን። ግማሹ የመመለሻ ነው ሲል የኖረ ሰው ከቤቱ የወጣው በግማሽ ነበር፤ የመመለሻውን በልቶ ጨርሷል። ነፋሱም ያን ቀን ቀድሞ ጀምሯል፤ ቋጥኙ ማዶ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሊጮህባት አፉን ከፈተ፣ ፊቷን ሲያይ ተወው። ገብቷታል።

«ወንድምህ… እዚያ ጋ ነው?»

«ወደዚያ አትይ። መቅዘፊያውን ያዢ።»

መረቡን ከነዓሣው ወደ ውሃ ገፋው። ጀልባዋ ቀለል አለች። ሞተሩን ወደ አንደኛ ፍጥነት አወረደና ነፋሱ ወደሚደክምበት ወደ ትንሿ ደሴት ጥግ አቀና። እዚያ ሲደርሱ አጠፋው፤ ባትሪ ካረፈ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። እሷ የደሴቷን ቄጠማ ጨብጣ ጀልባዋን ያዘች። አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ግማሽ በሆዱ ወንድሙን ይለምን ነበር፤ እኔን ከፈለግህ ውሰደኝ፣ እሷን ግን ተዋት እያለ።

ከደሴቷ ሲወጡ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣባቸው። ሞተሩ እያቃሰተ፣ እሷ እየቀዘፈች፣ አንድ ሲሄዱ ግማሹን ወደ ኋላ እየተገፉ ሄዱ። ሞተሩ ጸጥ ያለው መቆሚያው ላይ ያሉት ሰዎች ፊት ሲለይ ነው። እነሱ ገመድ ወረወሩ። ሁለት ጊዜ ሳተ፤ በሦስተኛው እሷ ያዘችው።

ነገሩን ሲሰሙ የመቆሚያው ሰዎች በሳቅ ፈረሱ። «ከዛሬ ጀምሮ ሩብ ነህ!» አሉት። እሱ አልሳቀም። መሬት ላይ ተቀምጦ የሚስቱን የሰደርያ ማሰሪያ ጨብጦ ይዟል፤ ልቀቅ ቢሉትም አልለቀቀም።

ከዚያ ወዲህ እቤታቸው «ሞልቷል» የምትባል ቃል ቀረች። «ውሃው ገብቷል» ትለዋለች፤ «ኤሌክትሪኩ ደርሷል» ይላታል፤ ከዚያም ሄዶ ይለካዋል። ባለፈው እሑድ ግን ልብስ ልታጥብ ባልዲውን ቧንቧ ሥር አድርጋ ሳታስበው «ዝጋው፣ ሞልቷል!» አለችው። ከተቀመጠበት ዘሎ መጣ። ቧንቧውን ግን አልዘጋም፤ እጇን ነው የያዘው። ውሃው ከባልዲው ተርፎ በእግራቸው ላይ ሲፈስ፣ እሷም ልቀቀኝ አላለችውም።