የተነገረ መድኃኒት

ፋርማሲ ገብቼ የአልኮል ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ዛሬም ዲላ፣ እዚያች ጠባብ ላብራቶሪ ውስጥ ነኝ። በአልኮል የተዘፈዘፈ ቅጠል፣ እርጥብ ሰጋቱራ፣ የአይጥ ሽንት። ያኔ የመመረቂያ ጥናቴን እሠራ ነበር፤ ጭንቀት ያመጣውን ድባቴ ሊያቀል የሚችል የዕፅዋት ጭማቂ ፍለጋ።

ቅጠሉ የአባቴ ነበር። አባቴ ቡሌ ላይ እንሰት የሚተክል ገበሬ ነበር፤ ሐዘን ልቡን የዘጋበት ሰው ሲመጣ ግን ጎህ ሳይቀድ፣ ማንንም ሰላም ሳይል ወጥቶ፣ ቀጥፎና ጨምቆ ያጠጣዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህ አይወራም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ራሳቸው ግን በሽተኛ ይልኩለት ነበር።

የቅጠሉን ስም ለመንኩት። «መድኃኒት ከተነገረ ይሞታል፣ ልጄ» አለኝ በቋንቋችን። «የምሞት ቀን ለአንዳችሁ እነግራለሁ።» የጥናቱ ማስረከቢያ ቀን ደርሷል፤ እኔ የሱን ሞት ልጠብቅ? በልቤ ሳቅሁበት። አንድ ማለዳ ኮቴዬን አጥፍቼ ተከተልኩት። ስሙን ዛሬ ብትጠይቀኝ አልነግርህም፤ ከረፈደ የመጣ ጨዋነት በለው።

አይጦቹን የማስጨንቃቸው እኔ ነበርኩ። መኝታቸውን በውሃ አርሼ አሳድራቸዋለሁ፤ መዞሪያ በሌለው ቱቦ ውስጥ ለሰዓታት እዘጋባቸዋለሁ። በመጨረሻ ውሃ የሞላ ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ከትቼ፣ መፍጨርጨሩን ትተው ዝም የሚሉበትን ጊዜ በሰዓት እለካለሁ። ቶሎ ዝም ያለችው ተስፋ ቆርጣለች ይባላል። የአባቴን ቅጠል የጠጡት ረጅም ጊዜ ታገሉ። ሥራው ሲያልቅ ሁሉንም ገደልናቸው።

ጥናቱን ሳቀርብ የቅጠሉን ፎቶ ግድግዳ የሚያክል አድርጌ አሳየሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከሰፈራችን የመጣ አንድ ተማሪም አብሮ አጨበጨበ።

በወሩ ቡሌ ያለ ሰው ሁሉ ቅጠሉን ራሱ እየቀጠፈ ይጠጣ ጀመር። አባቴ «ሞቷል» አለና ማከሙን ተወ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በተሻለኝ። ክረምቱን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ለሰው አይመልስም፣ ምግብ አይቀምስም። «ይህን ሰው ምን አደረግሽብኝ?» አለችኝ እናቴ።

ከላብራቶሪ የተረፈውን ጭማቂ በጠርሙስ ይዤ ወደ ቡሌ ወጣሁ። «እሱ ከእንግዲህ ለማንም አይሆንም» አለኝ አባቴ። አልቅሼ ለመንኩት። ከእናቴ እጅ ውሃ እንኳ አልቀበል ያለ ሰው፣ ለኔ ሲል በየማለዳው አፉን ከፍቶ ጠጣ። ሁለት ሳምንት ሲሞላው አላስችል ብሎኝ ጠየቅሁት።

«ለውጥ አለው፣ አባባ?»

ወደ እኔ ዞረ። «ለአይጦቹ ሠርቷል አላልሽም?»

«ሠርቷል።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው» አለና፣ እንዳላለቅስ ጉንጬን ዳበሰኝ።