ሙንዮንዮ የተጎዘጎዘው ሳር

እኔና ባለቤቴ ተፈራ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው የጎረቤት ውሻ እግር ማጽዳት ነበር። እሱ የእንስሳት ሐኪም ነበር። እኔ ውሻውን ያዝኩ፤ እሱ ከጣቶቹ መሐል የሳር ፍሬ በወረንጦ ነቀለ። «ጽጌ፣ ብርሃኑን ጋረድሽኝ» አለኝ። በማግስቱ ልቡ ቆመ። ሰባት ወር ሆነው።

ንጋት 12 ሰዓት፣ ካምፓላ፣ ካምዎክያ ሰፈር

ዛሬ የገና በዓል ነው። ጥቁር ልብሴን ለብሼ ወጣሁ። በዓሉን ብቻዬን እንዳልውል የአገሬ ልጅ አልማዝ ሐይቁ ዳር ካለው ቤቷ፣ ሙንዮንዮ ጠርታኛለች። ታክሲው ውስጥ አንዲት ሴት የማቶኬ ሙዝ ዘለላዋን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

2 ሰዓት፣ መንገድ

ከታክሲ ወርጄ ብስክሌት ላይ ተፈናጠጥኩ። ቀይ አቧራ፣ ዓሣ የተሸከሙ ሴቶች፣ ከዛፎቹ ኋላ ሐይቁ።

«ኒያቦ፣ አጥብቀሽ ያዢ፤ ፍሬን የለኝም» አለ ባለብስክሌቱ ቁልቁለቱ ላይ፤ ኒያቦ በአገሩ ቋንቋ እመቤት ማለት ነው።

«አሁን ነው የምትነግረኝ?»

ሳቀብኝ።

3 ሰዓት፣ አልማዝ ቤት

ሳሎኑ ሳር ተጎዝጉዞበታል። የአልማዝ ወንድም ግርማ ከኮረብታው አጭዶ ያመጣው ነው። «ቄጤማ ብናጣ ሳር እናጣለን?» ይላል።

በረንዳው ላይ ውሻቸው መዳፉን ይልሳል። ጎንበስ ብዬ ሳሩን አየሁ። ፍሬው ደርቆ እንደ መርፌ ሾሏል። የአገሩ ሳር ነው፤ ለጋውን ከብት ይበላዋል። ፍሬው ሲደርስ ግን ቆዳ፣ ጆሮ፣ ዓይን ይበሳል፤ አንዴ ከገባ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይልም።

አልማዝ የዘጠኝ ወር ልጇን መሬት ልታስቀምጥ አጎነበሰች።

«አልማዝ፣ ልጁን እንዳታወርጂው!»

«እትዬ ጽጌ፣ ሐኪሙ እኮ ጋሼ ተፈራ ነበሩ» አለ ግርማ።

አንድ ፍሬ መዳፌ ላይ አድርጌ ውሃ ጠብ አደረግሁበት። ረጅሙ ጭራው እየተጠማዘዘ መዞር ጀመረ።

«ኧረ ይሄ ነገር ነፍስ አለው!» ግርማ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ነፍስስ የለውም። እርጥበት ሲነካው ይሽከረከራል። የሕፃን ላብ ይበቃዋል።»

አልማዝ ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሳሩን ግርማ ራሱ ጠራርጎ ጓሮ አቃጠለው። ከውሻው መዳፍ ሦስት ፍሬ ነቀልኩ። ሃያ ዓመት ከተፈራ ጎን የቆምኩት ውሻ ለመያዝ ብቻ አልነበረም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ» አለኝ ግርማ። ምሳ የበላነው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው።

11 ሰዓት፣ ካምዎክያ

ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ካምፓላ ያሉ የአገሬ ሰዎች ለበዓል ሳር ከማጨዳቸው በፊት እኔን ይጠሩኛል። ሄጄ ሳሩን አያለሁ።